ሄምፕና ማሪዋና በአሜሪካ ሕግ

ካናቢስ ከሚባለው አንድ ተክል ለገመድ የሚሆን ቃጫም፣ የሚያሰክር ዕፅም ይገኛል። የአሜሪካ ሕግ ሁለቱን እንዴት እንደ ለያቸው በአጭሩ እንመለከታለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 የወጣው የማሪዋና ግብር ሕግ ተክሉን በክፍሎቹ ለየ፤ ይኸውም የበሰለውን አገዳ፣ ቃጫውን፣ የዘሩን ዘይትና እንዳይበቅል የተደረገውን ዘር ከማሪዋና ትርጓሜ አወጣ። በ2018 የወጣው የእርሻ ሕግ ግን ቁጥርን መለኪያ አደረገ። ዴልታ-9 ቲ.ኤች.ሲ. የተባለው አስካሪ ንጥረ ነገር ከደረቅ ክብደቱ ከ0.3 በመቶ ካልበለጠ፣ ተክሉና ከእርሱ የሚወጣው ሁሉ ሄምፕ ተባለ።

ሕጉ ዴልታ-9ን ብቻ ስለ ጠራ፣ ነጋዴዎች ከሄምፕ የሚገኘውን ሲ.ቢ.ዲ. በኬሚካል ሥራ ወደ ዴልታ-8 ለውጠው፣ ይህንንም አስካሪ በከረሜላ ጭምር ሸጡ። በ2022 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የሕጉ ቃል ከሄምፕ የተገኘውን ዴልታ-8 እንደሚያካትት፣ ስሕተት ቢኖርም ማረሙ የኮንግሬስ እንጂ የዳኞች ሥራ እንዳልሆነ ገለጠ። ኮንግሬስ በ2025 ጠቅላላውን ቲ.ኤች.ሲ. የሚቈጥር ትርጓሜ አወጣ፤ በሥራ ላይ እስኪውልም የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠ።

በእኛ አስተያየት ጥፋቱ በነጋዴው ብልጠት ብቻ አይመካኝም። ገበሬውን ለመርዳት የተጻፈው ቃል ለሰባት ዓመት ያህል አስካሪውን ከረሜላ ከገመዱ ሳይለይ ኖሯል። ሕግ አውጪው የአንዱን ንጥረ ነገር ስም ያዘ እንጂ ስካሩን አልያዘም።