ሽማግሌውና የቀን ቁጥር

የዛሬው ወሬያችን የሠራተኛ ክፍያ እንዴት እንደሚጠየቅ ነው።

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ሰው ሰውን ሲቀጥር የኖረው በቃል ነው። እረኛው ለዓመት ይገባል፤ ቀለቡ፣ ልብሱና የሚያገኘው እህል በምስክር ፊት ይነገራል። ቀጣሪው ቢክድ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ሽማግሌ ደግሞ አይቸኩልም፤ ዛሬ ያልተስማሙትን ለሚቀጥለው ሰንበት ይቀጥራቸዋል። ቂም የሚያበርድ ደግ ሥርዓት ነው፤ ቀን ግን አይቆጥርም።

በጣሊያን ዘመን የሊማሊሞ መንገድ ተሠራ። በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርኩ ተቋቋመ፤ ጎብኚ ሲመጣ ሆቴልም ተከተለ፤ የወር ደመወዝተኛም በዛ። ሕጉ ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ ወጥቶ ነበር፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952፣ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 በ1956። ከዚያ በ1968፣ በ1985፣ በ1996 አዳዲስ አዋጆች ተተኩ። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። (በገዛ በቅሎው በራሱ ኃላፊነት ጭነት የሚያመላልሰውን ግን አዋጁ ሠራተኛ አይለውም።)

ይህ ሕግ ቀን ይቆጥራል። ውል ሲቋረጥ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። ካልተሰጠ ሠራተኛው በ6 ወር ውስጥ መክሰስ አለበት፤ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ደግሞ በ3 ወር። ካለፈ ይርጋ ነው፤ መብቱ ቀረ ማለት ነው።

እስቲ አስቡት፤ አንድ የሆቴል ዘበኛ በጥቅምት ተሰናበተ፣ ደመወዙ ቀረበት። ሽማግሌ ላከ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ መጣ፤ አሠሪው «እንነጋገራለን» ይላል። በግንቦት ፍርድ ቤት ሲሄድ ጊዜው አልፏል። ታዲያ ሽማግሌ ይቅር ወይ? ለምን ይቀራል! አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ካመነ ይርጋው ይቋረጣል፤ ስለዚህ በሽማግሌዎቹ ፊት ያመነውን ጽፎ ይፈርም። እምቢ ካለ፣ ስድስቱ ወር ሳይሞላ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልም። የጽሑፍ ውል የለኝም ብሎ የሚቀር አለ፤ ተሳስቷል፣ በቃል የተቀጠረም መብት አለው፣ ምስክር ያቀርባል።

በሉ፣ ደብተራችሁን ክፈቱና እነዚህን ጻፉ፤ የተቀጠርኩበት ቀን፣ የወር ደመወዜ፣ የተሰናበትኩበት ቀን፣ ያልተከፈለኝ ገንዘብ። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አስምሩበት።