ሰውነት የተረከው ፊልም

ጆሯችሁን ስጡኝማ። የምተርክላችሁ ስለ አንድ የፈረንሳይ አክሽን ፊልም፣ ስለሠሩት ሰዎችና ስለፈረዱበት ሐያስያን ነው። ፊልሙ «ባንሊዩ 13» ይባላል፤ ፈረንሳይ ውስጥ ለሕዝብ የታየው በ2004 ኖቬምበር ወር ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ። ታሪኩ ግን ከሲኒማ ቤት አይጀምርም፤ ከቬትናም ይጀምራል።

አገሩ ገና በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለ፣ በ1939፣ ሬይሞን ቤል የሚባል ልጅ እዚያ ተወለደ። ጦርነት ከቤተሰቡ ነጠለውና ዳላት በተባለች ከተማ፣ በወታደሮች እጅ፣ ያለ እናት ያለ አባት አደገ። ሌሎቹ ልጆች ሲተኙ እሱ በሌሊት ይነሣል። ይሮጣል፣ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ለወታደር ማሠልጠኛ የተሠራውን መሰናክል ደጋግሞ ይዘላል። ጨዋታ አምሮት አይደለም። ክፉ ቀን ሲመጣ ማምለጥ የሚችል ሰው መሆን ፈልጎ ነው። በ1954 ፈረንሳይ ዲየን ቢየን ፉ ላይ ስትሸነፍ እሱም ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ አድጎም የፓሪስ እሳት አደጋ ተከላካይ ሆነ። በ1969 ኖትርዳም ካቴድራል ጫፍ ላይ የቬትኮንግ ባንዲራ ተሰቅሎ ሲገኝ፣ ከሄሊኮፕተር ወርዶ ባንዲራውን ካነሡት ሰዎች አንዱ ይኸው ሬይሞን ነበር።

የአባት ዕዳ ለልጅ ይላል ያገራችን ሰው። ሬይሞን ለልጁ ያወረሰው ግን ዕዳ ሳይሆን ጥበብ ነው። ልጁ ዳቪድ ቤል በ1973 ተወለደ። ከፓሪስ በስተደቡብ ባለችው ሊስ በተባለች ከተማ፣ ከጓደኞቹ ከነሴባስቲያን ፉካን ጋር ሆኖ፣ የአባቱን ልምምድ በኮንክሪት ሕንፃዎች መካከል አሳደገው። ደረጃው፣ የግንቡ ጫፍ፣ የብረት አጥሩ ሁሉ መንገድ ሆነላቸው። ዛሬ ዓለም ሁሉ ፓርኩር ብሎ የሚያውቀው ይኸው ነው።

ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ሉክ ቤሶን ይህን ሲያይ ልቡ ተነካ። በ2001 የፓርኩር ወጣቶች የተጫወቱበትን «ያማካዚ» የተባለ ፊልም ከጻፉትና ካሠሩት አንዱ ሆነ። ከዚያ ከቢቢ ናሴሪ ጋር «ባንሊዩ 13»ን ጻፈ። ዳይሬክተሩ ፒየር ሞሬል ነው፤ እስከዚያ ድረስ በካሜራ ባለሙያነት የሚታወቅና ዳይሬክት ሲያደርግ የመጀመሪያው የሆነ ሰው። ዋና ተዋናዮቹ ዳቪድ ቤልና የማርሻል አርትና የስታንት (የአደገኛ ትዕይንት) ባለሙያው ሲሪል ራፋኤሊ ናቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጊዜው 2010 ነው፤ መንግሥት ድሆች የሚኖሩባቸውን የፓሪስ ዳርቻ ሰፈሮች በግንብ አጥሮ ትቷቸዋል። ትምህርት ቤት የለ፣ ፖሊስ የለ። አንድ አደገኛ ቦምብ በወንበዴዎች እጅ ይገባል። እሱን ለማምከን ፖሊሱ ዳሚየንና የሰፈሩ ልጅ ሌይቶ አብረው ይላካሉ፤ ያላቸው ጊዜ 24 ሰዓት ብቻ ነው።

አሁን አንዷን ትዕይንት ቀረብ ብለን እንያት። ሌይቶ ከወንበዴዎቹ የቀማውን ሄሮይን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ያጠፋል። ወንበዴዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው ሕንፃውን ይወጣሉ። እሱ ኮሪደሩን ይዞ ይሮጣል። ፊት ለፊቱ ያለው በር ዝግ ነው፤ ከበሩ በላይ ግን አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ሌይቶ እየሮጠ ይነሣና ከጉበኑ በላይ፣ በዚያች ጠባብ ክፍተት፣ እግሩን አስቀድሞ ያልፋል። እግር፣ ወገብ፣ ደረት፣ ራስ፤ በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ ጣሪያው፣ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ። የሚዘለው ዳቪድ ቤል ራሱ ነው። ካሜራው መነሻውንም ማረፊያውንም ያሳየናል፤ እግሩ መሬት ሲነካ ጉልበቱ እንዴት እንደሚታጠፍ እናያለን።

ፍርዱስ እንዴት ሆነ? ቤሶንና የፈረንሳይ ሐያስያን ቂማቸው የቆየ ነው። በ1988 «ለ ግራን ብሉ» የተሰኘው ፊልሙ የካን ፌስቲቫል መክፈቻ ሆኖ ሲቀርብ አጣጥለውት ነበር፤ በኋላ ግን ከ9 ሚሊዮን በላይ ፈረንሳዊ ትኬት ቆርጦ አየው። «ባንሊዩ 13» ላይም ነቀፋው አልቀረም። ታሪኩ ስስ ነው፣ ንግግሩ ደረቅ ነው፣ የጆን ካርፔንተርን «ኤስኬፕ ፍሮም ኒው ዮርክ» ይመስላል ተባለ። ነቀፋው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በተለይ የሌይቶ እህት ሎላ በፊልሙ መጀመሪያ እንዲያ ደፋር ሆና ታይታ፣ ከዚያ በአደንዛዥ ዕፅ ደንዝዛ በሰንሰለት ታስራ መቅረቷ ያሳዝናል። ይህ የጸሐፊዎቹ ጉድለት ነው።

ፊልሙ አሜሪካ የገባው በ2006 ጁን ላይ ነው። በመካከሉ ግን አንድ ከባድ ነገር ሆነ። በ2005 ኦክቶበር 27፣ ከፓሪስ ዳርቻ በምትገኘው ክሊሺ ሱ ቧ፣ ሁለት ታዳጊዎች ከፖሊስ ሲሸሹ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ውስጥ ገብተው ሞቱ። ሰፈሮቹ በቁጣ ነደዱ፤ ኖቬምበር 8 ላይ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። እንግዲህ አስቡት። ሕፃን ሬይሞን በሌሊት የተለማመደው ማምለጥን ነበር። ሌይቶ በፊልሙ የሚያደርገውም ማምለጥ ነው። እነዚያ ሁለት ልጆችም ለማምለጥ ሮጡ፤ አልቀናቸውም። በግንብ ስለታጠረ ሰፈር የተጻፈው ታሪክ፣ ስስ የተባለው፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ክብደት አገኘ። ፊልሙን ያዩ አሜሪካውያን ሐያስያን አንዳንዶቹ ያንን ዓመጽ ሳያነሡ አላለፉም።

በጠቅላላው የአሜሪካ ፍርድ ለፊልሙ አደላ፤ ከአስሩ ሐያስያን ስምንት ያህሉ ወደዱት። ያመሰገኑት እውነተኛ ሰው በእውነተኛ ሕንፃ ላይ ሲዘል ማየታቸውን ነው፤ ጃኪ ቻንን ያስታወሱም ነበሩ። በኮምፒውተር የተሠራ ዝላይ ሲኒማውን ባጥለቀለቀበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጄምስ ቦንድ «ካሲኖ ሮያል» በሴባስቲያን ፉካን ሩጫና ዝላይ ታጅቦ መጣ፤ የሊስ ልጆች ጥበብ ዓለምን አዳረሰ።

ይሁንና ያመሰገኑትም ቢሆኑ አብዛኞቹ ፊልሙን ለሁለት ከፈሉት፤ «ታሪኩ ደካማ፣ ስታንቱ ግሩም» አሉ። እኔ የምለየው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ፊልም ስታንቱ ራሱ ታሪኩ ነው። መንግሥት ሰዎችን በግንብ አጥሮ «ከዚህ አታልፉም» አለ፤ አንድ ልጅ ደግሞ በገዛ ሰውነቱ «አልፋለሁ» አለ። ሌይቶ ይህን በንግግር አይነግረንም፤ በዚያች ጠባብ መስኮት ሲያልፍ ነው የሚነግረን። ታሪኩን በንግግሩ ውስጥ ብቻ የፈለገ ሐያሲ ስስ ሆኖ ቢያገኘው አይደንቅም።

ለዚህ ምስክር አለኝ። በ2014 «ብሪክ ማንሽንስ» በሚል ስም ፊልሙ በእንግሊዝኛ እንደገና ተሠራ፤ ቦታው ዲትሮይት ሆነ። ቤሶን ጻፈው፤ ግንቡም ቦምቡም አለ፤ ዳቪድ ቤልም ራሱ ተጫወተ። የፖሊሱን ቦታ የያዘው ፖል ዎከር ነው፤ ፊልሙ ሳይወጣ በ2013 ኖቬምበር በመኪና አደጋ ሕይወቱ ያለፈው ፖል ዎከር። ታሪኩ ከሞላ ጎደል ያው ሳለ፣ የወደዱት ሐያስያን ሩብ ያህል ብቻ ሆኑ። በርካቶቹ የወቀሱት ኤዲቲንጉን ነው። ዝላዩ ተቆራርጧል፤ እጅ ይታያል፣ ይቆረጣል፣ እግር ይታያል፣ ይቆረጣል። ሰውየው መዝለሉን ይዘላል፤ እኛ ግን አናየውም። ባናየው አናምነውም፤ ካላመንነው ደግሞ ግንቡም ተራ ግንብ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ፣ ወገኖቼ፣ የስታንት ፊልም ስታዩ ንግግሩን ብቻ አትመዝኑ። ካሜራው ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ያሳያል ወይ? መነሻውንና ማረፊያውን ሳይቆርጥ ያገናኛል ወይ? ያ ሰው የሚዘለው ምን አስገድዶት ነው? ይህን ሳይጠይቅ ሂስ የሚጽፍ ሰው የፊልሙን ግማሽ ሳያይ ይፈርዳል። አጥንቱን ለስብራት አሳልፎ የሰጠ ባለሙያ ደራሲ ከሚያገኘው ክብር እኩል ሊሰጠው ይገባል፤ በዚህ ፊልም የተራኪነቱን ሥራ የሠራው እሱ ነውና።