የልብን ኤሌክትሪክ የማጉላት ታሪክ

እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በፊዚክስ ትምህርት የምንለካው ደረቅ ባትሪ አንድ ተኩል ቮልት ያህል ኃይል አለው። የሰው ልብ በመታ ቍጥር በቆዳ ላይ የሚገኘው ግን አንድ ሚሊቮልት ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም የባትሪው 1500ኛ እጅ መሆኑ ነው። ይህን እጅግ ጥቂት ኃይል ሊቃውንት እንደምን አድርገው እንደ ያዙት ለአንባብያን ልናስረዳ እንወዳለን።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. ዎለር የተባለው ሐኪም በሎንዶን ከተማ የሰውን የልብ ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ። መሣሪያው በቀጭን የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ያለ ባዜቃ ሲሆን፥ ባዜቃው ከፍና ዝቅ ሲል ጥላው በፎቶግራፍ ይነሣ ነበር። ባዜቃ ግን ዘገምተኛ ስለ ሆነ የልብን ፍጥነት በሚገባ ሊከተል አልቻለም። ዎለር ራሱ እንኳ በ1911 ዓ.ም. ይህ ነገር በሆስፒታል ብዙ ጥቅም ይሰጣል ብሎ እንደማያስብ ገልጾ ነበር። በእኛ አስተያየት፥ ሥራውን የጀመረው ሰው ይህን ማለቱ የሚያስገርም ነው።

የሆላንዱ ሊቅ አይንትሆቨን የዎለርን ሥራ በ1889 ዓ.ም. በባዝል ከተማ ተመልክቶ ነበር። ከዚህ በኋላ በላይደን ብር የተቀባ እጅግ ቀጭን የኳርትዝ ክር በኃይለኛ ማግኔት መካከል ዘረጋ። የልብ ኤሌክትሪክ በክሩ ሲያልፍ ክሩ ይነቃነቃል፤ ጥላውም በአጉሊ መነጽር ጎልቶ በፎቶግራፍ ይወጣል። እንግዲህ በዚያን ጊዜ የሚጎላው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ጥላው ነበር። መሣሪያው 270 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ የሚያሠሩትም አምስት ሰዎች ነበሩ። በሽተኛው እጆቹንና አንድ እግሩን ጨው ባለበት ውሃ ነክሮ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ወደ ሆስፒታል ማጓጓዝ ስለማይቻል፥ በ1905 ዓ.ም. የበሽተኛውን የልብ ምልክት 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል በቴሌፎን ሽቦ ወደ ላቦራቶሪው አስመጣው! በ1924 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ኤሌክትሪኩን ራሱን ማጉላት የተቻለው የራዲዮ አምፖል ከተፈለሰፈ በኋላ ነው። ነገር ግን አምፖሉ መልካሙንም ክፉውንም አንድነት ያጎላል። በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው የመብራት ሽቦ፥ በአገራችን በሴኮንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ፥ ሰውነታችንን ስለሚነካ የልብ ምልክት በዚያ ጫጫታ ይዋጣል። እንግሊዛዊው ማቲውስ በ1934 ዓ.ም. ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚሆን ማጉያ ገለጠ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሁለት ሽቦዎች በሰውነት ላይ ይያያዛሉ፤ ጫጫታው በሁለቱም እኩል ይደርሳል፤ የልብ ምልክት ግን በአንዱና በሌላው ይለያያል። ማጉያው አንዱን ከሌላው ቀንሶ ልዩነቱን ብቻ ያጎላል።

ዛሬ በትንሽ ሰሌዳ ላይ የሚሠራው ማጉያም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ልዩነቱን 1000 ጊዜ ቢያጎላው አንዱ ሚሊቮልት አንድ ቮልት ይሆናል። ከመብራት ኃይል ጋር የተገናኘ ሽቦ በሰው ደረት ላይ ማሰር ግን ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል፥ ይህን የሚሞክር ተማሪ መሣሪያውን በትንሽ ባትሪ ብቻ ያንቀሳቅሰዋል፤ ግድግዳ ላይ ከተሰካ ከማናቸውም ዕቃ ጋርም አያገናኘውም።