ከጅማ እስከ አዲስ አበባ

ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንደ ተጓዡ ይለያያል። በመኪና መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአየር በቀጥታ ሲለካ ግን ከ260 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። የቀደሙት አባቶቻችን ደግሞ መንገድን የሚቈጥሩት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በማደሪያው ብዛት ነበር።

ከ1870ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ቡናው፥ ዝባዱ፥ የዝሆን ጥርሱ፥ በዚያ ዘመን ክፉ ልማድም የሰው ልጅ ሳይቀር ይሸጥበት ነበር። ከዚያ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ቡናውን በፈረሱላ መዝኖ፥ በአጋሰስ ጭኖ፥ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ፥ የጊቤን ቈላ አቋርጦ ወደ ሸዋ ይወጣል። ጕዞው ከሳምንት በላይ ይፈጅ ነበር፤ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላም የመስከረምን መጥባት መጠበቅ ግድ ነበር።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን የያዘው ጠላት ለጦሩ ማለፊያ ብሎ ያስጠረገው መንገድ ከነጻነት በኋላ ለነጋዴው ጠቀመና የሳምንቱን ጕዞ ወደ ቀናት አሳጠረው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ በኋላ፥ በአገር ውስጥ ቀድመው ከተከፈቱት መስመሮች አንዱ የጅማው ነበር። ሲ 47 በሚባሉት በነዚያ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ውስጥ መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱም በመካከል ይታሰራል። ፍጥነታቸው በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ነበረ ሲራራው በሳምንት ያልጨረሰው መንገድ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቅ ጀመር።

ዛሬም ከጅማው የአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ቦሌ ለመድረስ የሚበቃው ያው አንድ ሰዓት ያህል ነው። እንግዲህ በሰማይ በኩል ያለው ርቀት ከተሸነፈ ብዙ ዘመን ሆኗል ማለት ነው። ጅማን ጅማ ያሰኘው ቡና ግን አብዛኛው የሚሄደው በጭነት መኪና ነው፤ ከዚያም በፊት ሌላ መንገድ አለበት።

በጎማ፥ በሊሙና በጌራ ቀይ ሆኖ የተለቀመው እሸት ቡና በዚያው ዕለት ከመፈልፈያው ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ካደረ ይቦካል፥ ጣዕሙም ይበላሻል። ዝናብ ያበላሸው የአምስት ኪሎ ሜትር መንገድ ለገበሬው ከጊቤ ሙላት የማይተናነስ ዕንቅፋት የሚሆንበት ቀን አለ። ለባለ ሥልጣኑና ለነጋዴው ሰዓቱ የሚጀምረው ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ሲሆን፥ ለገበሬው የሚጀምረው ፍሬው ከዛፉ ከተቀነጠሰበት ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ጅማ ለአዲስ አበባ ቀረበች ስንል የለካነው ከተማን ከከተማ መሆኑን አንዘንጋ። መንገድ የሚያቅደው ሹም፥ ጂኦግራፊ የሚያስተምረው መምህርና ካርታ የሚሥለው ተማሪ ርቀቱን መለካት የሚገባቸው ከቡናው ዛፍ ሥር ጀምረው ነው። የሲራራው ዘመን አለፈ የምንለውም ያ የመጀመሪያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ያጠረ ዕለት ነው።