ድሉ ለማን?

በፈረንሳይ አገር ለ ማን የምትባል ከተማ አለች። ስሟን በፊደላችን አጋጥመን የጻፍነው እንደሆነ ጥያቄ ይሆናል፤ «ለማን?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1923 የተጀመረው፣ ቀንና ሌሊት ሃያ አራት ሰዓት የሚዘልቀው የመኪና ሽቅድድም የሚካሄደው በዚህች ከተማ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ መኪና የማይገደው የቅኔ ወዳጅ እንኳ ይህን ሕብረ ቃል በዋዛ የሚያልፈው አይመስለኝም። ምክንያቱም ቀጥሎ የማወጋችሁ ታሪክ መላው ነገሩ ከዚያው ጥያቄ አይወጣም።

በ1991 ሮስ ብራውን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ ለጃጓር በሚወዳደረው በቶም ዎኪንሾው ቡድን ውስጥ ሆኖ «ኤክስ ጄ አር 14» የተሰኘች መኪና ነደፈ። መኪናዪቱ በዚያው ዓመት የዓለም ስፖርት መኪናዎችን ሻምፒዮና ለጃጓር አስገኘች። ለ ማን ላይ ግን ለልምምድ ወጣች እንጂ ለውድድሩ አልተሰለፈችም። ፎርድ ሠራሽ የሆነው ባለ 3.5 ሊትር ሞተሯ ለጥድፊያ እንጂ ለአንድ ሙሉ ቀን ትዕግሥት የተሠራ አልነበረም። ከ1992 በኋላ ሻምፒዮናው ራሱ ፈረሰ። መኪናዪቱም ገና በልጅነቷ አሮጌ ተባለች።

ፖርሽ ከዎኪንሾው ጋር ተስማምቶ ይህችኑ የካርቦን አካል አስነሣት። ጣራዋ ተቆረጠ፤ የፎርዱ ሞተር ወጥቶ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የፖርሽ ቱርቦ ገባላት። ይህ የሞተር ዘር ከ1982 እስከ 1987 ስድስት ጊዜ በተከታታይ ለ ማንን ያሸነፈ፣ ሌሊቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሽማግሌ ነበር። እንግዲህ የወጣት ገላ ከአረጋዊ ልብ ጋር ተጋባ ማለት ነው። ነገር ግን ለ1995ቱ የዴይቶና ውድድር ሲዘጋጁ አሜሪካውያን ደንቡን ቀየሩና ፖርሽ ተቀይሞ ተወው። መኪናዪቱ ዳግም መጋዘን ገባች።

ራይንሆልድ ዮስት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዮስት ቀድሞ ራሱ ተወዳዳሪ የነበረ፣ በጀርመን አገር የግል ቡድን ያቋቋመ ሰው ነው። በ1984 እና በ1985 በአንድ በራሱ መኪና ለ ማንን ሁለት ጊዜ አሸንፏል። (በሁለተኛው ዓመት ከነጂዎቹ አንዱ «ጆን ዊንተር» በሚል የብዕር ስም፣ ይቅርታ፣ በመሪ ስም ይወዳደር ነበር።) ለ1996 ያቺን የተጣለች መኪና እንዲሰጡት ፖርሽን ጠየቀ። እንደሚነገረው ውላቸው ቀላል ነበር፤ ካሸነፈ መኪናዋን ለራሱ ያስቀራል። በባንክ መስኮት ኋላ ለምውል ለኔ ቢጤ፣ ይህን የመሰለ መያዣ ማየት ያስቀናል።

አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። የዮስት መኪና ገላዋ ከጃጓር፣ ልቧ ከፖርሽ ስለሆነ ተረቱ የተነገረላት ይመስላል። ሆኖም በሰኔ 1996 ማኑኤል ሮይተር፣ ዴቪ ጆንስና የ22 ዓመቱ አሌክሳንደር ቩርዝ 354 ዙር ነድተው አሸነፉ። ሁለተኛ የወጣው ራሱ የፖርሽ ፋብሪካ ያሰለፈው አዲሱ 911 ጂቲ1 ነበር፤ በአንድ ዙር ተቀደመ። ከዚያ መኪና ነጂዎች አንዱ ቦብ ቮሌክ ነው። ፈረንሳዊው ቮሌክ ዴይቶናን በ1991 ያሸነፈው በዮስት ቡድን ነበር፤ ለ ማንን ግን አላገኛትም።

በ1997 ዮስት ያቺኑ መኪና፣ ያንኑ ሻንሲ ይዞ ተመለሰ። ሚኬሌ አልቦሬቶ፣ ስቴፋን ዮሃንሶንና ለመጀመሪያ ጊዜ ለ ማንን ያየው ቶም ክሪስተንሰን ነዷት። ፋብሪካው ፈጥኖ ነበር። ግን እሑድ ጧት ቮሌክ እየመራ ሳለ ከመንገድ ወጥቶ ቀረ። ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀር ደግሞ እየመራ የነበረው ሁለተኛው የፋብሪካ መኪና በእሳት ተያያዘ። የዮስት መኪና ከኋላ እየተከተለች ነበርና አለፈች፤ 361 ዙር ሞላች። ክሪስተንሰን ከዚያ በኋላ ስምንት ጊዜ ደግሞ አሸንፏል።

ልብ በሉ፤ ብራውን ሲነድፋት ለጃጓር ነበር፤ ፖርሽ ሲያስነሣት ለአሜሪካ ነበር። ፈረንሳይ ላይ ያሸነፈችው ሁለቱም በተዉአት ጊዜ ነው። በኔ ግምት ድሉ ከነዳፊው ይልቅ ባነሣት ሰው እጅ ይገባል፤ በዚህ የማይስማማ ቢኖር አልፈርድበትም።

በ1998 ፖርሽ መኪናዪቱን መልሶ በራሱ ስም ወሰዳት። አሻሽሎ፣ እህት ጨምሮላት፣ ሁለት አድርጎ አሰለፋቸው። ሁለቱም ሳይጨርሱ ቆሙ። ያን ዓመት ያሸነፈው ጣራ ያለው 911 ጂቲ1 ነበር፤ ሁለተኛ የወጣውም እንዲሁ። በሁለተኛው መኪና ውስጥ ቮሌክ ነበረ።