የስኳር በሽታ መድኃኒትና የጤና መድን በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ

ኢንሱሊን፣ ማለትም ከቆሽት የሚመነጨውና በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ተለይቶ በተከታዩ ዓመት ለታማሚ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ በአጭር ጊዜ ይገድል የነበረው የስኳር በሽታ ዓይነት እየታከሙ የሚኖሩበት ሕመም ሆኗል። ይህ ለውጥ በጎንደር ከተማ ዙሪያና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ለሚኖረው ገበሬ የደረሰው እጅግ ዘግይቶ ሲሆን፣ ለመዘግየቱም ዋነኛው ምክንያት የመድኃኒቱን ወጪ የሚሸፍንና መድኃኒቱን እስከ ቀዬው የሚያደርስ ሥርዓት ሳይዘረጋ መቆየቱ ነው።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። በደንቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ገና ባልተረሳበት በዚያ ዘመን የኮሌጁ ትኩረት በተላላፊ በሽታዎች ላይ መሆኑ ተገቢ ቢሆንም፣ ዕድሜ ልክ ክትትል የሚሻው የስኳር በሽታ ሕክምና ግን በከተማው ሆስፒታል ተወስኖ ቀረ። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ የሚነሣ ታማሚ ገደሉን በእግር ወይም በበቅሎ አቋርጦ ደባርቅ ከደረሰ በኋላ ወደ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ ይቀረው ስለነበር፣ በመድኃኒቱ ዋጋ ላይ የመሳፈሪያው፣ የማደሪያውና ከእርሻ የሚስተጓጎልበት ቀን ኪሳራ ይደመርበታል፤ ኢንሱሊን ግን ሰውነቱ ጨርሶ ለማያመነጭ ሰው ለጥቂት ቀናት እንኳ ቢቋረጥ ሕይወት የሚያሳጣ ነው።

ይህን የተረዱት የጎንደር ሐኪሞች ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ባልደረቦቻቸው ጋር ተባብረው፣ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ያሉ ነርሶች ታማሚውን ራሳቸው እንዲከታተሉ አሠለጠኑ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የኢንሱሊኑ ብልቃጥ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ በጥላ ሥር ሲቀመጥ፣ ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ስለሚቀንሰው መድኃኒቱ ሳይበላሽ ይቆያል። ከእነዚህ ሐኪሞች አንዷ የሆኑት ሺታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ታማሚዎች ብዙዎቹ ድሆችና ከሲታ ወንዶች መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንዲመረመር ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1985 በምደባው አካትቶት በ1999 ሰርዞት የነበረ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 ዓይነት 5 ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል።

የክፍያው ጥያቄ መልስ ማግኘት የጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች፣ ከአማራ ክልልም በፎገራ፣ በደቡብ አቸፈርና በተሁለደሬ፣ በሙከራ ሲጀመር ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላሉ፤ መክፈል የማይችለውን ድሃ ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑለታል፤ አባሉም ውል ባላቸው የመንግሥት ጤና ተቋማት ከኪሱ ሳያወጣ ይታከማል። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ቀድሞውንም በነጻ ሲታደሉ የስኳር በሽታ ከዚያ ዝርዝር ውጭ ስለነበር፣ መድኑ ለስኳር ታማሚ ያለው ፋይዳ የተለየ ነው። እድር ለለቅሶ ያስለመደው አስቀድሞ የማዋጣት ባህልም ሐሳቡ ለገበሬው ባዕድ እንዳይሆን አድርጎታል። ይሁንና መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ አባሉ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሄዶ ከኪሱ ለመክፈል ይገደዳል።

በሌላው ዓለም ክርክሩ ሴማግሉታይድን በመሳሰሉ፣ የደም ስኳርንም የሰውነት ክብደትንም በሚቀንሱ መርፌዎች ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የአረጋውያኑ የመድኃኒት መድን ለክብደት መቀነሻ እንዳይከፍል ከልክሎ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2025 እነዚህን መድኃኒቶች ለስኳር በሽታ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷል። በጎንደር ከተማ ውፍረት ያለባቸው የስኳር ታማሚዎች ስላሉ ጥያቄው እዚህም መነሣቱ አይቀርም። የአካባቢው ታሪክ ግን ቅደም ተከተሉን በግልጽ ያስተምራል፤ መድን አዲስ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ለከሲታው ገበሬ ኢንሱሊንን በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ሳያቋርጥ የማቅረብ ግዴታውን ሊወጣ ይገባል፤ ከመደርደሪያው ላይ ለማይገኝ መድኃኒት የሚሰጥ ሽፋን ሕይወት አያድንምና።