አሶሳ

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከሱዳን ድንበር ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። የበርታ ሕዝብ አገር ናት፤ ማንጎዋና ቀርከሃዋ ስመ ጥር ናቸው።

ብዙም የማይወራላት ግን ከአዲስ አበባ ጋር ያላት ዝምድና ነው። ለዳግማዊ ምኒልክ በወርቅ ይገብሩ የነበሩት የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ጉለሌ ውስጥ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። «ሼህ ሆጀሌ» በከተሜው አፍ ሲጣደፍ «ሸጎሌ» ሆነና የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። የታክሲው ረዳት «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» ሲል የአሶሳን ባላባት እየተጣራ መሆኑን ስንቱ ተሳፋሪ ያውቅ ይሆን?

ሌላው ዝምድና ከሩቅ የመጣ ነው። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን እጅ ያስለቀቁት በቤልጅየም መኮንኖች የሚመሩ የኮንጎ ወታደሮች ነበሩ። በሱዳን በኩል ገብተው፣ በኋላ ጋምቤላንና ደምቢዶሎንም ይዘዋል።